በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ የሚጻፈው ስም

ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ደርሷል፤ ሐጂ ሸኪብ ግን አንዱንም ፎንት አልወደዱም። ከጀመዓቸው ወጣቶች አንዱ የሆነው ሱሀይል እሾህ ላይ የተቀመጠ ይመስል እየተቁነጠነጠ፣ እሳቸው በስልክ የላኩለትን «የወረኢሉ ወንድማማቾች ጀመዓ» የሚለውን ስም አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ቀጭን እያደረገ ላፕቶፑ ላይ አሳያቸው። ስሙ የሚታተመው ከጀመዓው ሰው ሲሞት ጀናዛው በሚሸፈንበት አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ነበር። በመጨረሻ እንደ ጥንት ጽሑፍ ጌጥ የበዛበትን አወጣና «ይኼኛው ክብር አለው፣ ሐጂ» አላቸው።

«እስቲ አንብብልኝ።»

ሱሀይል ጉሮሮውን ጠረገ። እዚሁ ውጭ አገር፣ ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ፊደሉን ግን ከቅዳሜ ትምህርት ቤት ወዲህ ዞር ብሎ አላየውም። «የ… ወ…» ብሎ ቀረ። ጌጡ ፊደሎቹን ሁሉ አመሳሰለበት። ጆሮው ጋለ።

ሐጂ አልተቆጡም። ማውሱን ለመያዝ እጃቸውን ሲዘረጉ እጅጌያቸው ተሰበሰበ፤ የሆስፒታል ፕላስቲክ አምባር እጃቸው ላይ ነበር። ከፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል በቀጥታ መምጣታቸውን አልነገሩትም። ፎንቶቹን ወደ ታች ወረዱና የልጆች ፊደል ገበታ የሚመስለው፣ ጌጥ የለሹ ላይ ቆሙ። ሱሀይል ዓይኑን በግድ ከአምባሩ አንስቶ ማንበብ ጀመረ፤ እየተንገዳገደም ቢሆን እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

«ይኼ ይሁን» አሉ ሐጂ። «የኛ የሽማግሌዎቹ ትከሻ አልቋል፤ የምትሸከሙኝ እናንተ ናችሁ። የማንን ሰው እንደያዛችሁ አንብቡ።»