ሚስቱ የሞተችበት ሙሽራ

ነጋዴው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን እንደሚኖር ለሰፈሩ ሁሉ ሲናገር ኖሯል። አሁን ሰብለን በቁርባን ሊያገባ ስለ ፈለገ፣ መምሬ ዘለቀ ሁለቱን ቤታቸው ጠርተው ሃይማኖቱን ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር።

ሰውዬው አጥንቶ ነው የመጣው። "ሥላሴ?" ሲሉት "በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በመለኮት አንድ" አለ። ጥምቀት ዳግም ልደት፣ ቁርባንም የጌታ ሥጋና ደም መሆኑን ሳይደናቀፍ ተናገረ። እንዲያውም መምሬ ከመጽሐፍ አንዱን ቃል አላልተው ቢያነቡት "ይጠብቃል፣ መምሬ" ብሎ አረማቸው። ሰብለ በኩራት ፈገግ አለች።

"ትንሣኤ ሙታንስ?" አሉት።

"ሙታን ሁሉ ይነሣሉ። እኔማ ያን ቀን ሟች ባለቤቴን አገኛታለሁ እያልኩ ነው የምጽናናው" አለና ዐይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ሰብለም አብራው አለቀሰች።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ከገጠር የመጣች የምትመስል ሴት ገብታ የመምሬን መስቀል ተሳለመች። ቀና ስትል ሙሽራውን አየችው፤ ብዙም የደነቃት አትመስልም። እሱ ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ቆመ።

"ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?" አሏት መምሬ።

"ወለተ ሐና እባላለሁ፤ የዚህ ሰው ሚስት ነኝ። በየቅዳሴው ስሜን ከሙታን ጋር እየጠሩ እንደሚጸልዩልኝ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እግዜር ይስጥልኝ፣ መምሬ። ብቻ ከተቻለ፣ ከእንግዲህ ከሕያዋኑ ጋር ይጥሩኝ።"