የመንግሥት ንብረት

ተቆጣጣሪው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ወዳለው የደም ግፊት መለኪያ መጠገኛ ሲመለስ፣ ጠዋት በጠጋኟ በወይዘሮ ፈለቀች አንገትጌ ላይ የሰካው ቀጭን የመስታወት ቱቦ በቦታው አልነበረም። መለኪያዎቹን ሲጠግኑ የሚተነፍሱትን፣ ውሎ አድሮ እጅ የሚያንቀጠቅጠውን የሜርኩሪ ትነት ቀኑን ሙሉ እንዲሰበስብ፣ ወገባቸው ላይ ከታሰረች ትንሽ የአየር መሳቢያ ጋር በጎማ አያይዞት ነበር የሄደው።

«መሣሪያው የት አለ?»

«አለ፤ የት ይሄዳል፣ ጓድ?» ወይዘሮ ፈለቀች ከአንገታቸው ቁልፍ አውልቀው የብረት ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። የአየር መሳቢያዋ ከነቱቦው በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ፣ ከምሳ ዕቃቸው አጠገብ አሁንም እዝዝ ትል ነበር። «ገና እንደ ወጡ ነው ያስቀመጥኩት። አቧራ እንኳ አልነካት።»

የቁም ሣጥን አየር ስትስብ ውላለች። ተቆጣጣሪው ቅጹ ላይ «ናሙናው ዋጋ የለውም» ብሎ ጻፈ።

«አይወልቅም ብዬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«ብለውኛል። ግን የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያውም መስታወት። ብሰብረው አሻጥር ነው ይሉኛል።»

«ለምን ይሰብሩታል?»

ወይዘሮ ፈለቀች ቱቦውን ከጎማው ነቅለው ሊያቀብሉት እጃቸውን ዘረጉ። መስታወቱ ከቀለበታቸው ጋር እየተጋጨ ይንቃጨል ጀመር። በሌላው እጃቸው ሊያስቆሙት ሞከሩ፤ እሱም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተቆጣጣሪው እጆቻቸውን እያየ ቱቦውን ተቀበላቸው። ከዚያ ቅጹን መልሶ ገለጠና፣ ቅድም ከጻፈው ሥር «ድጋሚ መለካት አያስፈልግም» የሚል ጨመረበት።