ሳይዘጋ የተፈረመ

ክረምቱ ከባድ ነበር። ጣሪያው ሁለት ቦታ አፈሰሰ። ጉልበቴ ደረጃ እምቢ አለ። የዳማ ጓደኛዬን ቀጮን ሳል ይዞት ሦስት ሳምንት ሳይመጣ ቀረ፤ ሲመለስ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። ልጄ አሥራ አንድ ሳምንት ከኮምፒውተሯ ፊት አልተነሳችም።

አሁን ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ይዘንባል። እኔና ቀጮ ዳማ እንጫወታለን፤ የእሱ ቆርኪ ቀይ፣ የእኔ ሰማያዊ። ልጄ መስኮቱ ሥር ትጽፋለች። ድንገት እጇን አነሳችና ፊቷን ሸፈነች።

«ምነው ዶክተሬ? ሌባው ገባ እንዴ?» ይላታል ቀጮ።

ዶክትሬቷን ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁንም በየዓመቱ በሚታደስ ውል ትመራመራለች። ሥራዋ የኮምፒውተር ቺፕ በሆዱ የያዘውን ምስጢር ለማንም እንደማያወጣ በሒሳብ ማረጋገጥ ነው። መሞከር አይበቃም ትላለች፤ ፈልገህ ያጣኸው ቀዳዳ የለም ማለት አይደለም።

«በሩን ክፍት የተውኩለት እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ቺፑ ለጥገና የተተወ መግቢያ አለው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ለቅጽበት ክፍት ይሆናል። ሥራ ስጀምር እንዲቀለኝ ብዬ ‹ይህ በር ሁልጊዜ ዝግ ነው› ብዬ ጻፍኩ። በኋላ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። ረሳሁት። መርማሪው ፕሮግራም ሌላውን ሁሉ አገላብጦ ‹ተረጋግጧል› አለኝ። በሩን ግን አላየውም።»

«ለምን አያየውም?»

«ዝግ ነው ብዬ ፈርሜለታለሁ እኮ!»

የያዝኳት ቆርኪ ከጣቴ አመለጠች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

ሰኞ ማረጋገጫዋን ለአምራቾቹ ታቀርባለች። እነሱም የእሷን ቃል ይዘው ቺፑን ሊያመርቱ ነው። ውሏ የሚታደሰውም በዚሁ ነው።

«ማን አየ?» እላለሁ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ውልሽ ይታደስና ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ።»

ዞር ብላ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«ቀስ ብዬ እስካስተካክል የሚዘረፈው ሰውስ፣ አባዬ?»

ቀጮ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ተዪው እቴ፣ ይሄ ሽማግሌ ጃጅቷል። የኔም ኮሚቴ እንዳንቺ ማሽን ነበር። ወረቀቱን አዩ። በሩን ማን አየ?»

ታሪኩን ታውቀዋለች። ቀጮ የመጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበር፤ እኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ። አንድ ጠዋት አሥራ አራት ጥቅል የመዳብ ሽቦ ጠፋ። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። መዝገቡ ላይ «ተዘግቷል» ተብሎ የኔ ፊርማ አለ። እንግዲህ የከፈተው ዘበኛው ነው አለ አጣሪ ኮሚቴው፤ ቀጮ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ በር አደራ የሚሰጠው አላገኘም። ጆንያ ተሸከመ። ከቤቴ በወጣ ቁጥር በሩን ከውጭ ሁለት ጊዜ ገፍቶ ይሞክራል። «ሠላሳ አንድ ዓመት በነጻ ጥበቃ» ይላል። እንስቃለን።

መዝገቡን የምፈርመው ቀትር ላይ ነበር። ማምሻውን ግርግር ስለሚሆን አስቀድሜ እፈርማለሁ፤ ኋላ እዘጋለሁ። ያን ቀን ከፈረምኩ በኋላ ሚስትህን ምጥ ይዟታል ብለው ጠሩኝ። ሮጥኩ። ልጄ ተወለደች። ጓጉንቸሩ ሳይቆለፍ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቀጮ ፊርማዬን አምኖ አልሞከረውም። እስከ ዛሬም ሌላ ቁልፍ የነበረው ማን ይሆን እያለ ያሰላስላል፤ ስም ይጠራል። እኔም አብሬው አሰላስላለሁ።

ልጄ ለአምራቾቹ ጥቂት ጻፈችና አነበበችልን። «ማረጋገጫዬ ስህተት ነው። በሩ ዝግ መሆኑን አላረጋገጥኩም፤ ዝግ ነው ብዬ ጽፌ ነው የተነሳሁት።» ቀና አለች። «ይበቃል?»

«ምን ይጨመርበታል?» አለ ቀጮ። «ላኪው።»

አንዲት ቁልፍ ነካች። ሄደ።

«በል እንጂ፣ ተራህ ነው» ይለኛል ቀጮ። «ለመሸነፍ ይህን ያህል ታስባለህ?»

«በሩን አልዘጋሁትም» እላለሁ።

«የቱን በር?» ወደ ቤቴ በር ዞረ። ዝግ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። እጁ ዳማው ላይ ቀረ።

«ቀትር ላይ ፈርሜ ነበር። እሷ ተወለደች። ተመልሼ አልሄድኩም። ለኮሚቴው ግን ዘግቻለሁ አልኩ።»

ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ባልዲው ውስጥ ይሰማል። ልጄ ቆማለች። እሷን ማየት አልቻልኩም።

«ወንድሜ ሌባ ነህ ብሎኝ እስኪሞት ሰላም አላለኝም» ይላል ቀጮ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ። ቀብሩ ላይ እጄን ይዘህ ነበር።»

ተነሳ። ኮቱን ለበሰ፤ አንዱን እጅጌ አጥቶ ሲፈልግ ልጄ ያዘችለት። «ጋሼ…» አለች። ቀጮ ራሷን ዳበስ አደረጋት። «አንቺ መወለድሽ ብቻ ነው። ምን አጠፋሽ?»

በሩን ከፈተ። ዝናቡ እስከ ምንጣፉ ገባ። አንዲት ቀይ ቆርኪ በጭብጡ ውስጥ ቀርታለች፤ ያወቀ አይመስለኝም።

«ዛሬ አንተ ዝጋው» አለኝ፣ ሳይዞር።

እርምጃውን እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ዋጠው። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሳሁ። በሩ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ ወሰደብኝ። ዘጋሁት። ቀረቀርኩት። በመዳፌ ገፋሁት፤ አንዴ። ቆይቼ፣ ሌላም ጊዜ።