አጥብቀው

ጽጌሬዳ የካርዱን ብረት ሞርዳ ስትጨርስ፣ ኮምፒውተሩ ሆዱን ገልጦ በመደቡ ላይ ተጋድሞ ነበር። የግራፊክስ ካርዱ ርካሽ ነው፤ ያገለገለም ነው። ከጎንደር በጧት ሚኒባስ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረሰላት። የብረት ጠርዙ ረዝሞ ከጠባቡ ሣጥን አልገባ ቢላት፣ ሣጥኑን አልረገመችም፤ ብረቱን ሞረደችው እንጂ።

«አሁንም ከዚህ ሬሳ ጋር ነሽ?» አለ ገሠሠ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ከደጃፉ ቆሞ።

ገሠሠ በደባርቅ ሲሚንቶና ብረት ይሸጣል፤ የደብሩ የሕንፃ ኮሚቴም ሰብሳቢ ነው። በልጅነቱ ከአባቷ ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ዳዊት ጀምሮ ሳይደግም ወጥቷል። ዛሬ የመጣው መሪጌታን ወደ ጉባኤው ይዞ ሊሄድ ነው። በጉባኤው የሚቆረጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ ወይስ ይጠገን። ይፍረስ ባዮቹ ብዙዎች ናቸው። መሪጌታ እስከ ዛሬ ወዲህም ወዲያም አላሉም።

ይጠገን ያለችው ጽጌሬዳ ናት። ጾሙን ሙሉ ግድግዳውን በገመድ ስትለካ ከረመች። ሴት የማትገባበትን የመቅደሱን ልክ ቄሰ ገበዙ በገመድ ላይ ቋጥረው አቀበሏት። ከዚያም በቴክኒክና ሙያ በተማረችው ንድፍ፣ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ እየደረበች በኮምፒውተሩ ውስጥ አነጸችው። የተሰነጠቀው የምዕራቡ የውጭ ግድግዳ ብቻ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉን ዙሪያውን አዙሮ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ባለፈው እሑድ በጉባኤው ፊት ልታዞረው ብትጀምር አሮጌው ማሽን ደርቆ ቀረ። ሳቁባት።

«ኮምፒውተሩም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የሁለቱም ዘመን አልፏል» ያለው ገሠሠ ነበር። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ቀን ሰጧት።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ገሠሠ ድምፁን አለስልሶ፤ «አዲስ ላፕቶፕ እኔው እገዛልሻለሁ። ይህን ለቆራሌው ስጪው።»

«መቼ ነው የሚገዙልኝ፣ ጋሼ?»

«እንግዲህ... ይኸኛው ሥራ ሲያልቅ።»

«ሲፈርስ ማለትዎ ነው። አልፈልግም። ለዚህ የጎደለው ካርድ ነበር፤ መጣለት። ለዚያም የጎደለው አንድ ግድግዳ ነው።»

ካርዱን ሰክታ ኮምፒውተሩን አበራችው። ማራገቢያው ተሽከረከረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ቀረ። ገመዱን አየች፤ የተሰካው በቀድሞው ቀዳዳ ሳይሆን በአዲሱ ካርድ ላይ ነው። አጥፍታ አበራችው። ያው ጥቁር።

ገሠሠ አንገቱን አስግጎ በተገለጠው ሣጥን ውስጥ ተመለከተ። «ታዲያስ? ይሠራል?»

«አጥብቀው!»

የጮኹት መሪጌታ ናቸው። ከማዕዘኑ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደ ተቀመጡ። ገሠሠ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ባርኔጣውን ከኋላው ደበቀ።

«ምን አጠፋሁ፣ የኔታ?»

«አላልተህ አነበብኸው። ሲላላ የማሽን ወሬ ነው፤ ይሠራል አይሠራም። ሲጠብቅ ግን የተጎዳው ነገር ሠሪ አገኘ ማለት ነው። አጥብቀህ በለው።»

«እኔ እኮ የጠየቅሁት ስለ ኮምፒውተሩ ነው።»

«እኔም የምነግርህ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በለው!»

«ይሠራል» አለ ገሠሠ፣ ሠን ረግጦ አጥብቆ። ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። «የኔታ፣ ይህማ ሸፍጥ ነው!»

«ሰዋስው ነው» አሉ መሪጌታ። «ዳዊቱን ሳትደግም ባትወጣ ኖሮ ይገባህ ነበር።»

ጽጌሬዳ አልሳቀችም። ዓይኗ በካርዱ ላይ ነው። አንደኛው ጫፉ ከሌላው ከፍ ብሏል፤ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። ስትሰካው ይሰበርብኛል ብላ ፈርታ፣ እጇን ለቀቅ አድርጋ ነበር። ይሰበራል፣ ይፈርሳል፣ አልቆለታል ሲባል ስትሰማ የከረመች እጅ ናት።

ሶኬቱን ነቀለች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በካርዱ ጀርባ ላይ አኖረችና ጫነችው። ብረቱ አቃሰተ። አልለቀቀችም።

ቀጭ አለ።

እንደ ገና ስታበራው ስክሪኑ ፈካ። ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋዩን፣ የጥድ ማገሩን፣ የቆርቆሮ ክዳኑን እንደ ያዘ ወጣ። ጣቷን አንቀሳቀሰች፤ ዞረ። ሳይደርቅ፣ ሳይንገጫገጭ ዞረ። ሰሜኑ ደህና ነው። ምሥራቁ ደህና ነው። ደቡቡም። በምዕራቡ ስንጥቁ ታየ፤ ብቻውን። ከስንጥቁ አጠገብ በሩ ቀስ እያለ ወደ እነርሱ ፊቱን መለሰ።

የገሠሠ ቀኝ እጅ ሳያዝዘው ተነሣ። በየማለዳው በዚያ ደጃፍ ሲያልፍ እንደሚያደርገው ሊያማትብ ወደ ግንባሩ ሄደ። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ትዝ አለውና አቆመው፤ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጉባኤው እየጠበቀ ነው» አለች ጽጌሬዳ። ገመዶቹን ነቃቅላ ሣጥኑን በብብቷ ያዘች። ስክሪኑንም አንሥታ በአየር ላይ በቀረው እጁ አሸከመችው።

«አጥብቀው ይያዙት።»