ግድግዳ የማታልፈው

ጥቁር የለበሱት ሴትዮ ጥቅል የኔትወርክ ገመድ ይዘው ሲገቡ ባለሱቁ ለምሳ ሊዘጋ እየተጣደፈ ነበር።

«የልጄ ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ገመድ ነው፤ አይጥ በላብን። ያለ ገመድ ኢንተርኔት የሚስብለትን ስጠኝ» አሉት።

ባለሱቁ ገመዱን አገላብጦ አየው። ጫፉ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነበር። ምን አገባኝ ብሎ አንድ የዋይፋይ አዳፕተር አወጣ።

«ኮምፒውተሩ የት ነው፣ ማዘር?»

«መኝታ ቤቱ፤ በሩን ቆልፎ ነው የሚጫወተው።»

«ዋይፋዩስ?»

«ሳሎን።»

«እንግዲያው ይሄ ነው! ሁለት አንቴና አለው፤ ግድግዳ ጥሶ ይገባል።»

የሴትዮዋ ፊት ቅጭም አለ። «ሌላ የለህም?»

ባለ አራት አንቴናውን ሲያመጣላቸው ጭራሽ በእጃቸው ገፉት። ርካሽ ፈልገው ይሆናል ብሎ ዋጋ ቢቀንስላቸውም አልሰሙትም። ባለሱቁ አቧራ የዋጣት የጥፍር ያህል አዳፕተር ከመሳቢያው ጥግ ጎትቶ ፊታቸው ጣለላቸው።

«ይቺ እንኳን አትሆንዎትም። አንድ ግድግዳ አታልፍም። ልጁ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሳሎን ካልወጣ ምንም አትሠራለትም።»

ሴትዮዋ ብድግ አድርገው መዳፋቸው ውስጥ ጨበጧት። «እሷን እወስዳለሁ።»

«ማዘር፣ ነገርኩዎት እኮ! ልጁ ይጮህብዎታል።»

«ይጩህብኝ» አሉ በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሯት። «አባቱን ከቀበርን ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።»