እንደ ውጭ ተማሪ

«ደንብ ደንብ ነው፣ እናቴ። እኔ አላወጣሁትም» አለ የክፍያ ክፍሉ ሠራተኛ፤ ይህን ሲል ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

መስኮቱ ዝቅ ተደርጎ ስለተሠራ የሚያነጋግረው ሰው ሁሉ ጎንበስ ማለት አለበት። እናትና ልጅ ተራ በተራ ጎነበሱ።

ደንቡ አጭር ነው። የውጭ ዜጋ የሆነ ተማሪ ከምዝገባው በፊት ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ እዚህ አገር ከኖረ እንደ ዜጋ ይከፍላል። ካቋረጠ እንደ ውጭ ተማሪ ይከፍላል፤ ይህም አምስት እጥፍ ነው። ልጅቷ ወደዚህ አገር ስትመጣ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ነበረች። ፊደል የቆጠረችው እዚህ ነው፤ የወተት ጥርሷም የወለቀው እዚሁ። ነገር ግን አምና አያቷን ለማስታመም ድንበር ተሻግራ መንፈቅ ያህል ቆይታ ተመልሳለች። ድንበሩ በአውቶቡስ የሚታለፍ ነው፤ ማኅተም የሚመታም ስም የሚጽፍም የለም። ስለዚህ ስትመዘገብ ነገሩን አላነሱትም።

ቢሮው ግን አወቀ።

«ማን ነገራችሁ?» አለች ልጅቷ።

«ጥቆማ ደርሶናል። ጠቋሚው ደግሞ አይነገርም፤ እሱም ደንብ ነው።»

«ለመዝናናት እኮ አልሄድኩም! አያቴ ልትሞት ነበር!»

«ነፍስ ይማር።»

«አልሞተችም!»

«እንግዲያው እንኳን ተረፉ» አለና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ሬጅስትራር ሄዱ። ሬጅስትራር ወደ ዲኑ ላካቸው። የዲኑ ጸሐፊ «ይሄማ የክፍያ ክፍል ሥራ ነው፤ እስከ ዓርብ ካልከፈለች ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ብላ ወደ መስኮቱ መለሰቻቸው። መስኮቱ ለምሳ ተዘግቶ ነበር።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች።

«እዚያ ስሄድ ‹የውጭዋ መጣች› ይሉኛል። እዚህም የውጭ ነኝ። ታዲያ የውስጥ የምሆነው የት ነው?»

«ይቅር በቃ፣ ልጄ» አለች እናትየው። «ሰፈራችን ያለው ኮሌጅ ምን አለው? ደንብ የለበት፣ ጥቆማ የለበት።»

«ምሕንድስና አያስተምርማ!»

«የሚያስተምረውን መማር ነዋ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደተዘጋው መስኮት አዞረች። ድልድይ መሥራት የምትመኘው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ የፈተና ውጤቷም ከክፍሏ አንደኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከቤታቸው የቀን መንገድ ስለሚርቅ ማደሪያም ተመድቦላት ነበር።

እናትየው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። አባትየው ከሞተ ወዲህ ሁለቱ የሚኖሩት በዚያችው የስፌት መኪና ነው። ዓይኗ ስለደከመ መርፌው ላይ ክር የምታስገባላት ልጅቷ ነበረች። በማግስቱ ቤት ገብተውም ልታስገባላት ሞከረች፤ በንዴት ስላጣደፈችው ክሩ እምቢ አላት።

«የት እንደከረምኩ የሚያውቅ ማን ነበር፣ እማ? አንቺ፣ እኔ፣ እና እሷ።»

እሷ ያለቻት የአባቷን እህት ነው። አክስትየው ፀጉር ቤት አላት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይሏታል። ልጅቷ ምሕንድስና ልትማር መሆኑን የነገረቻት ቀን «አልጋሽን ሳታነጥፊ ድልድይ ልትዘረጊ?» ብላ ደንበኞቿን ሁሉ አስቃባት ነበር።

«እሷ ናት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሷ ናት!»

«ተይ፣ ሰው አትጠርጥሪ። እትዬ ስልክ ደውላ እንዲህ ያለ ነገር የምትናገር ሰው አይደለችም።»

ልጅቷ ጫማዋን አጠለቀች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ዓይን ዓይኗን እያየሁ ልጠይቃት።»

«ዛሬ ይቅር። ነገ እኔው ብቻዬን ሄጄ አነጋግራታለሁ።»

«ነገ! ቢሮውም ነገ፣ አንቺም ነገ!»

እናትየው ሻሏን አንስታ እየሮጠች ተከተለቻት።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። አክስትየው ቢጎዲን እያጠበች ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኢንጂነር!»

«ለዩኒቨርሲቲው የነገርሽው አንቺ ነሽ?»

«ምኑን?»

«አያቴ ጋ መቆየቴን። እንደ ውጭ ተማሪ ክፈዪ ተባልኩ። ከየት አምጥቼ? ዓርብ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ይሄን የምናውቅ ደግሞ ሦስት ብቻ ነን።»

አክስትየው ቧንቧውን ዘጋች።

«ሦስት» አለች። ከዚያ እናትየውን አየቻት። እናትየው በሩ አጠገብ ቆማ የሻሏን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች።

«ተናገሪ እንጂ!» አለች ልጅቷ። «ሌላ ጊዜ አፍሽ መች ቦዝኖ ያውቃል?»

«እኔ ነኝ» አለች አክስትየው።

ልጅቷ ክርክር ጠብቃ ነበር፤ መሐላም ጠብቃ ነበር። ይህን ግን አልጠበቀችም።

«ምን አድርጌሽ?»

«ምንም። አፌ ነው። አፌን ታውቂው የለ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አክስት የለኝም! ደጃችን እንዳትደርሺ! ብሞት እንኳ ለቅሶዬ ላይ እንዳትቆሚ!»

መስታወቱ እስኪርገበገብ በሩን ወርውራው ወጣች።

እናትየው ደንበኞች የሚሠሩበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ለምን?» አለች።

አክስትየው እርጥብ እጇን በፎጣ አደረቀች።

«እኔን ብትጠላኝ እናት አላት፤ ያሳበቅሽባት አንቺ መሆንሽን ብታውቅ ግን ማን ይቀራታል?»