በመስኮት የተነበበ ኦሪት

«ጀንበሬ፣ እዚያው ነህ?» ይላል ሾፌሩ ታምሩ ከውስጥ።

«የት እሄዳለሁ?»

በፋጤ ግቢ ውስጥ፣ ከሳሎኗ መስኮት ሦስት እርምጃ ርቄ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አባቴን አጥቤ ከቀበርኩት ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ወግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን እስኪሞላው ተለይቶ ይቆያል። ቤት አይገባም፣ መጽሐፍ አይነካም። ያን ቀን ሾፌሮቹ ወገኖቼ በሙሉ መኪናቸውን ይዘው መንገድ ላይ ነበሩ። የቀበርነው ከፋጤ ወንድሞች ጋር ነው፤ ያጠብኩት ግን ብቻዬን ነው።

ይህን በዓመት አንዴ የሚደረግ ምሽት የጀመረው አባቴ ይሄይስ ነው። ዓመቱን ሙሉ በወደቡ ከተማ ዳር፣ ፔካ 12 የመኪና ማቆሚያ ላይ የከባድ መኪና ሻንሲ ሲበይድ ይኖርና፣ አንድ ቀን እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ነጭ ለብሶ ወደዚህ ወደ ካርቲየ 4 ሰፈር ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ትምህርት፣ ቀጥሎ የእጅ ሥራ፣ ከዚያ ዘፈን፣ በመጨረሻ ኦሪት። አንዳንድ ሰው ብረት ስለሚሠራ «ቡዳ» እንደሚለው ያውቃል። ስለዚህ በሩን አያዘጋም። «የሚፈራን ገብቶ ይየን» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለ።

ዛሬም በሩ ክፍት ነው። ከፓሪስ የመጣች መምህርት ስለ የመን አይሁዶች አስተማረች። ድሬዳዋ ያደገችው ፋጤ ፈረንሳይኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ሲያቅታት «ይኼኛው ይለፋችሁ» እያለች አለፈችው። እትዬ በለጡ ከጭቃ አንበሳ ሠሩ። «ውሻ ነው እንዴ?» ያላቸውን ሾፌር «አንተን አንተን እያየሁ ነው የሠራሁት» አሉት። ዘፈኑም አለቀ።

አሁን የኦሪት ተራ ነው።

«እንግዲህ ዘንድሮ ይቅር» ይላሉ ጋሼ በፍቃዱ፣ ከሁሉም ትልቁ። «አንባቢያችን አረፈ። አንድ ዘፈን ጨምረን እንበተን።»

«ማንበቡንስ እኛም እናነበዋለን» ይላል ታምሩ።

«ፊደሉንማ የቢራ ጠርሙስ ላይም ታነባለህ። ግእዙን ማን ይፈታዋል?»

 ሾፌሮቹ ነገ ንጋት ላይ ወደ ድንበሩ ወደ ጋላፊ ይነሳሉ። ዘንድሮ ከቀረ ለከርሞም የሚያስታውሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። አባቴ ከሞተ አምስት ቀኑ ነው፤ ንባቡ ዛሬ ሊሞት ነው።

«እኔ እፈታዋለሁ» እላለሁ።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ይዞራሉ።

«አንተ እኮ አትገባም፣ ልጄ» ይላሉ ጋሼ በፍቃዱ።

«አልገባም። መጽሐፉን መስኮቱ ጋ ያቅርቡልኝ። አልነካውም።»

 «ካልነካህ፣ ይሁን።»

ታምሩ የብራናውን መጽሐፍ አምጥቶ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያኖረዋል። እኔም ቀርቤ እጆቼን ከጀርባዬ አቆላልፌ እቆማለሁ። ታምሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ገጹን አስተካክሎ ወደ እኔ አዙሮ ይይዝልኛል።

አንዱንም ፊደል አላውቀውም።

ለማንም ነግሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ያለን መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። ከሥራ ስንመለስ መሬት ላይ ዘርግቶት እሱ ከዚያ ወገን ይቀመጣል፣ እኔ ከዚህ። ጽሑፉ የሚቀናው ለእሱ ነው። ዓይኔ ፊደልን የለመደው በጭንቅላቱ ቆሞ ነው።

ገጹን ከላይ ወደ ታች አየዋለሁ፣ መልሼም አየዋለሁ። ጎረቤቶች ከአጥሩ በላይ ያዩኛል። 

«ምነው?» ይላል ታምሩ በሹክሹክታ።

«ቆይ።»

«ኀዘንተኛን አታስጨንቁት» ይላሉ ጋሼ በፍቃዱ። «ይቅርብን፣ መልሰው።»

ታምሩ መጽሐፉን ማጠፍ ይጀምራል።

«አትጠፈው» እላለሁ። «ወደ ራስህ አዙረው።»

«ወደ እኔ? ለአንተ ሊገለበጥብህ?»

«እኔ የማነበው ተገልብጦ ነው። የተማርኩት ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው።»

አንዱ ሾፌር ይስቃል። ሌሎቹም ይከተሉታል። ፋጤ ለመምህርቷ ስትነግራት ግን መምህርቷ አትስቅም። ከወንበሯ ተነስታ፣ እጇን እያወናጨፈች ረጅም ነገር ትናገራለች።

«የመንም እንደዚሁ ነበር ነው የምትለው» ትላለች ፋጤ። «መጽሐፉ አንድ፣ ልጆቹ ዙሪያውን። አያቷ ከጎን ነበር የሚያነበው፣ በግራ በኩል።»

«ምን ያስገለፍጣችኋል ታዲያ?» ይላሉ እትዬ በለጡ ሾፌሮቹን። «እናንተ አቅንታችሁ ይዛችሁስ መቼ ፈታችሁት?»

ታምሩ መጽሐፉን ያዞረዋል። ፊደሎቹ እንደማውቃቸው ሆነው ይመጣሉ።

ባሕሩ የተከፈለበትን አነባለሁ። አንድ መስመር በግእዝ፣ በአባቴ ዜማ። ቀጥዬ ያንኑ በአማርኛ እፈታለሁ። መጀመሪያ ድምፄ ይሰነጠቃል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቀናል። ፋጤ ለመምህርቷ በፈረንሳይኛ፣ ከአጥሩ ማዶ ላሉት በሶማልኛ ትመልሳለች። ማንም አላዘዛትም። ጋሼ በፍቃዱ ከተቀመጡበት ተነስተው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹም እሳቸውን እያዩ ይነሳሉ።

ደፉ ላይ የእኔና የታምሩ ግንባር ሊነካካ ጥቂት ቀርቶታል፤ እኔ ከውጭ፣ እሱ ከውስጥ ሆነን ወደ አንዱ ገጽ አጎንብሰናል። ለትርጉሙ ስቆም ቀና ብዬ አየዋለሁ። እሱ አያየኝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጥፍሩ ውስጥ የመኪና ግራሶ የገባበት ጣቱ፣ ብራናውን ሳይነካ፣ ገና ያላነበብኩት ቃል ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል።